አልጋ በአልጋ

ሥራዬን ሲጠይቁኝ፣ «አልጋ አስተላላፊ ነኝ» እላለሁ፤
ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ።
ሴቱባል፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
አንድ ስልክ፣ አንድ መዝገብ፣ ሲዘጋ የማይጠብቅ
አንድ መስኮት። ከታች የሰርዲን ሽታ፣ ከላይ የስም ዝርዝር፦
የሚወጣ፣ የሚገባ፣ በሁለቱ መሐል የሚቀር።

መርዙን ከደም የሚያጥቡበት ቤት አሥር ቀን ይሰጣል፤
ኮረብታው ላይ ያለው ማገገሚያ ዓመት ያስቀምጣል፤
ከዚያ የቀን መዋያው። በወረቀት ሲሳል ደረጃው እኩል፤
እግር ሲረግጠው ግን አንድ እርከን ይጎድላል ከመሐል።
«ሽግግሩ አልጋ በአልጋ ነው» ይላል አለቃችን፣ እንግዳ ሲመጣ።
ከአልጋ እስከ አልጋ ያለውን ወለል ማን ያምጣ?

ቤልሚሮ መረብ ጠጋኝ ነው፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ፤
ጣቱ ቋጠሮ ያውቃል፤ ክንዱ ላይ አለ የመርፌ ምልክቱ።
ዓርብ ከሰዓት ይውጣ ተባለ። ኮረብታው የሚቀበለው ሰኞ ጧት።
መሐል ላይ ሦስት ሌሊት።
ለእናንተ ምንድን ነው ሦስት ሌሊት? እራት፣ እንቅልፍ፣ እሑድ።
ለእሱ ወንዝ ነው፤ ያለ ድልድይ፣ ያለ ታንኳ፣ ያለ ገመድ።

ኢቮንን አስታውሳለሁ። መጋቢት ነበር።
«እህቷ ጋ ታድራለች» ብዬ ጻፍኩ፣ እህቷን ሳልጠይቅ።
ሰኞ መኪናው ደጃፍ ቆሞ ጥሩንባ ነፋ፤ የወጣ የለም።
መዝገቧ ዛሬም «በሰላም ተሸኝታለች» ይላል፤
ከተሳካላቸው ጋር ተደምራለች።
ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ስለዚህ ያን ዓርብ ስልኩን አላስቀመጥኩም።
ኮረብታው ደወልኩ፦ «አልጋ የለም፤ ሰኞ ይለቀቃል።»
«የተኛበትስ?» «እሱም ሰኞ ሌላ አልጋ ይጠብቃል።»
እንዲህ ነው የእኛ አገር፦ ሁሉም አልጋ ወራሽ፣ ዘውድ የሌለው፤
አንዱ ካልወረደ ሌላው መች ሊነግሥ ነው?
ወንድሙ ቤት ደወልኩ፤ ሚስቱ አነሣች፤ «ይቅር በይኝ» አለች፣
ሰርቆ የሸጠውን የልጇን የክርስትና ሐብል ነገረችኝና ዘጋች።

የመድኃኒቱ መኪና ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ወደቡ ላይ ይቆማል፤
ግን ደብዳቤ ይላል፦ የመጨረሻው መጠን በሚሊግራም፣
ማኅተም፣ ቀን።
ማኅተሙ አለ። መጠኑ አለ። ቀኑ የለም።
ሰው ቀን ሲጎድልበት እንዲህ ነው ለካ፤
በወረቀት፣ በአንዲት ባዶ መስመር ልክ።

ወደ ዶክተር ቴዎዶዚዮ ወጣሁ በእግሬ፣ አሳንሰሩ ተበላሽቶ፤
ሽማግሌ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይፈልገዋል አጥቶ።
የመውጫው ወረቀት ፊቱ ነበር። ሁሉን ሰማ።
ብዕሩን አነሣ፣ አራገፈ፣ ብርሃን ላይ አየው።
«ቀለሙ አልቋል» አለ።
ደረት ኪሱ ውስጥ ሌሎች ሦስት ይታዩኛል።
«ቀለም የሚመጣው ሰኞ ነው፣ ዶና ኦቲሊያ።»

ሰኞ እኔው ነዳሁ። መንገዱ ግራ ቀኙ የቡሽ ዛፍ፣
ግንዱ የተላጠ፣ እንደ ቁስል የቀላ።
«እነዚህ ልጣጭ እስኪያወጡ ስንት ዓመት ነው?» አለ።
«ዘጠኝ» አልኩት።
ብዙ መንገድ ዝም አለ። ከዚያ፦
«ካልሲዬን ረሳሁ።»

በሩ ላይ ሰው ቆሞ ነበር፤ በስሙ ጠርቶ ተቀበለው።
በስሙ። የእኔ ሥራ ይኸው ነው፦
ያኛው እጅ ሳይጨብጥ ይህኛው እንዳይለቅ።
መረብ ጠጋኝ ያውቀዋል፤ ለእኔ ግን ኢቮን ናት ያስተማረችኝ።

ዛሬ ከኮረብታው ተደወለ፦ «ቤልሚሮ ጨርሷል፤ ወደ ቀን መዋያው ይለፍ፤
ደህና ነው፣ ወፍሯል፣ የዶሮ ቤቱን ሽቦ ሁሉ ጠግኖልናል።»
«መቼ ይወጣል?» አልኩ።
«ዓርብ።»
ነፋሱ በመስኮቱ ክፍተት ገባ፤ መዝገቡን ገለጠው።
ስልኩን አላስቀመጥኩም።